ማሞቂያው ይሠራል፣ ወለሉ ግን ይበርዳል፦ ከስሩ ያልሞቀ ክፍል ላለው አፓርታማ

የግድግዳው ቴርሞሜትር 20 ዲግሪ ይላል። እግር ግን ይበርደዋል። ከስር ምድር ቤት፣ ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ካለ ይህ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ማሞቂያውን ይጨምራል። ከዚያ በፊት ወለሉ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያባክን ማስላት ይሻላል፤ ሂሳቡ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው።

ምልክት፦ ወለሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል

በእግር አትፍረዱ። ሴራሚክ ከእግር ላይ ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ፣ እኩል ሙቀት ካለው እንጨት ይልቅ ቀዝቃዛ ይመስላል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኩት። ከ19 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥፋቱ የንጣፉ ብቻ አይደለም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልለበሰ ኮንክሪት ነው። የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት በሜትር ወስዳችሁ፣ ለቁሱ ሙቀት የማስተላለፍ ቁጥር አካፍሉ። 20 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ 0.20 ለ2.0፣ 0.10 ይሆናል። ከላዩ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ፣ 0.05 ለ1.4፣ 0.036 ነው። ወለሉን የሚነካው አየርም ሙቀቱን በመጠኑ ይይዛል፤ ሙቀት ወደ ታች ሲሄድ ከላይ 0.17፣ ከታች 0.17 ይታሰባል። ድምሩ 0.476። 1ን ለ0.476 ስታካፍሉ 2.1 ይመጣል። ባለሙያዎች ዩ የሚሉት ይህን ነው፤ በአንድ ዲግሪ ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል የሚያልፈው ዋት ማለት ነው።

ቤቱ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውስጡ 20 ምድር ቤቱ 5 ዲግሪ ቢሆን፦ 2.1 × 60 × 15 = 1,890 ዋት። በወለሉ ብቻ!

መፍትሄው በምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ ልባስ) መለጠፍ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የማዕድን ሱፍ (ቁጥሩ 0.035) ዩን ወደ 0.30 ያወርደዋል። ጋራዥ ከሆነ እኔ ፎም አልመርጥም፤ የማዕድን ሱፍ እሳት አይዝም። ጣሪያው የጋራ ከሆነና ጎረቤት እምቢ ካለ፣ ከላይ በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ኢንሱሌሽን ማንጠፍም ዩን ወደ 0.75 ያደርሰዋል። ግን ወለሉ ከፍ ስለሚል በሮቹ ከስር መቆረጣቸው አይቀርም።

ምልክት፦ ሂሳቡ ከእውነታው ጋር አልገጥም ይላል

እዚህ ላይ ኢንሱሌሽኑን ሳይሆን የታችኛውን ክፍል ሙቀት ጠርጥሩ። አንዳንዱ የውጭውን አየር ሙቀት እንዳለ ይከታል፤ ውጤቱ ከልክ በላይ ይተልቃል። የተዘጋ ምድር ቤት ሙቀት በቤታችሁ ውስጥና በውጭው ሙቀት መካከል ነው የሚውለው። በግምት ለመሥራት፣ በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ምድር ቤቱ መስኮትም የውጭ በርም ከሌለው በ0.5፣ መስኮት ካለው በ0.8 አባዙት። ከግምት የሚሻለው ግን ቴርሞሜትር እታች ሰቅሎ በብርዱ ሰሞን ጠዋትና ማታ ማንበብ ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ ጋራዥ ግን ውጭ ማለት ነው፤ የውጩን ሙቀት ያዙ፣ የታችኛውንም 0.17 በ0.04 ቀይሩት።

ምልክት፦ ኢንሱሌሽን ተሠርቶም ቁጠባው ከታሰበው አነሰ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ምድር ቤቱን 5 ዲግሪ ላይ ያቆየው የእናንተው ሙቀት ነበር። ውጩ ከዜሮ በታች 5 ነው እንበል። 1,890 ዋቱ ወደ ምድር ቤቱ ገብቶ፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 189 ዋት ማለት ነው። ወለሉ ሲለብስ ወደ ታች የሚወርደው ለዲግሪ 18 ዋት (0.30 × 60) ብቻ ይሆናል። ምድር ቤቱ እስከ ከዜሮ በታች 3 አካባቢ ይወርዳል። ልዩነቱም ከ15 ወደ 23 ያድጋል። ስለዚህ ብክነቱ በወረቀት ላይ የተጻፈው 270 (18 × 15) ሳይሆን 410 ዋት ገደማ ነው።

አሁንም ትልቅ ቁጠባ ነው። አሳሳቢው ቧንቧው ነው፤ ትናንት ያልበረደ የውሃ መስመር ዛሬ ሊቀዘቅዝና ሊፈነዳ ይችላል። ጣሪያውን ከማልበሳችሁ በፊት እሱን አልብሱት።

ምልክት፦ ግድግዳው ጥግ ብቻ ይበርዳል

ኮንክሪቱ ከውጭው ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝ ሙቀቱ በዚያ ያመልጣል። የምድር ቤቱን ኢንሱሌሽን ጣሪያው ላይ ብቻ አታቁሙት፤ በግድግዳውና በምሰሶዎቹ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች አውርዱት። ቧንቧ በሚያልፍበት ቀዳዳ አጠገብም ቀጭን ወረቀት ያዙ። ከተወዛወዘ አየር እየገባ ነው፤ ይህ በዩ ሂሳብ ውስጥ የለም። ቀዳዳውን በሲሊከን ወይም እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ድፈኑት።