ከባሕር ዳር እስከ ዘንገና በብስክሌት፦ ድንኳን ጭኖ ለሁለት ሰው የሦስት ቀን ጉዞ

ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆኑ መንገዱ እየወረደም እየወጣም መጨረሻው ዳገት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ መጀመሪያው ቀን መራዊ አካባቢ፣ ሁለተኛው ዳንግላ፣ ሦስተኛው ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ያለው ዘንገና ሐይቅ ብትደርሱ ይበቃል።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይሁን። ዝናቡ አባርቷል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው። የጥቅምት ሌሊት ግን ውርጭ ስላለው ለየራሳችሁ ጋቢ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ላይ የሚኖር ሰው ጋ ደውላችሁ ሰላሙን ጠይቁ። "ቆዩ" ካላችሁ ቆዩ።

ለጭነት ሁለት ማዳበሪያ ከኋላው መጫኛ ግራና ቀኝ አንጠልጥላችሁ በሲባጎ አጥብቁ። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። ሁለቱ ጎን እኩል ካልከበደ ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ ይንቀጠቀጣል። ድንኳኑን አንዱ፣ ብረቱንና ካስማውን ሌላው ይያዝ። የጎማ ዕቃ ግን አይከፈልም፤ ማጣበቂያ፣ ቁራጭ ጎማና መንፊያ ለየራስ ነው። መጀመሪያ የወጣን ጊዜ አንድ መንፊያ ብቻ ይዘን እኔ ዳገቱን ቀድሜ ጨረስኩ። ጓደኛዬ ጎማው ተንፍሶ ከታች አንድ ሰዓት ቆሞ ጠበቀኝ፤ መንፊያው እኔ ጋ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ደካማው ይቀድማል፣ ብርቱው ይከተላል። ፍጥነቱን የሚወስነው የፊተኛው ስለሆነ ማንም ማንን አያደክምም፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። ቁልቁለት ላይ ግን ተራራቁ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉት፤ ጨምቃችሁ ከቆያችሁ ቸርኬው ግሎ ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል።

ስንቁ በሶ ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ በውሃና በጨው ከተበጠበጠ ዳገት ያስወጣል። ለውሃ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ያዙ፤ የምንጭ ውሃ ካልፈላ ወይም ውኃ አጋር ካልተጨመረበት አትጠጡ።

ማደሪያ ፍለጋ 10 ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ከመሸ በኋላ የመጣን ሰው የሚያውቀው የለም። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ "ቤቶች! ውሻ ያዙልን!" በሉ። የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ሲወጡ "የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፣ ድንኳን መትከያ ቦታ ፍቀዱልን" ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" ነው፤ ድንኳን ውስጥ ማደራችሁ ራሱ ያስገርማቸዋል። ቡና እና ስኳር ይዛችሁ ሂዱና ለእናትየዋ ስጡ፤ ለማደሪያ ብር ማውጣት ያስቀይማል። ጅብ ስላለ ድንኳኑ ከአጥር ውስጥ ይተከል፤ ማሳ ዳርና የጎርፍ መሄጃ ላይ በፍጹም።

ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያው ደን የሆነ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ዋና አትሞክሩ። እዚያ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ።

ስትመለሱ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣራ ላይ ስትጭኑ የማርሹን ጎን ወደ ላይ አድርጉ፣ ገመዱንም ራሳችሁ እሰሩት።