የእትብቱ ደም፦ ይቀመጥ፣ ይለገስ ወይስ ይቅር?

የእርግዝና ክትትል ከጀመራችሁ፣ ከሚሰጧችሁ የወረቀት ክምር መሀል አንድ የሚያምር ብሮሹር ሳታገኙ አትቀሩም። ሽፋኑ ላይ ሕፃን ይስቃል። ከጀርባው የሚፈረምበት ቦታ አለ። እኔ የሆስፒታሉ ግዴታ መስሎኝ ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ለካ የእትብት ደም የሚያስቀምጥ የግል ድርጅት ማስታወቂያ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ፣ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ ደም ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ግን እንደ መቅኔ ሁሉ አዲስ ደም የሚያመርቱ ስቴም ሴሎች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል የዘር በሽታ የነበረበት ልጅ በአራስ እህቱ የእትብት ደም ታከመ፤ ዳነም። ዛሬ ለደም ካንሰርና ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ሕክምና ጭምር ይውላል።

የግል የእትብት ደም ባንክ ከፍላችሁ ደሙን ለቤተሰባችሁ ያስቀምጥላችኋል። መነሻ ክፍያ አለው፣ ከዚያ በየዓመቱ ኪራይ። የሕዝብ ባንክ ግን አያስከፍልም፤ ደሙ ለሚስማማው በሽተኛ ይሰጣል።

የግሎቹ «ለልጅዎ ዋስትና» ይላሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጁ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ካለበት፣ ያው ችግር በእትብቱ ደም ውስጥም አለ። የደም ካንሰር ቢይዘውም ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የራሱን መልሰው አይሰጡትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እንዲህ ላለው «ዋስትና» ሲባል ማስቀመጥን አይመክርም። ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚህ ደም ሊታከም የሚችል በሽታ ካለባቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪማችሁን አማክሩ።

እኔ ልገሳውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ለጋሽና ታማሚ እንዲስማሙ የሚያደርገው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት በዘር የሚወረስ ነው፤ የሚስማማ ሰው በብዛት የሚገኘውም ከአንድ የዘር ሐረግ ነው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በለጋሾች መዝገብ ላይ ጥቂት ናቸው። የእትብት ደም ደግሞ የመቅኔን ያህል ፍጹም መገጣጠም አይጠይቅም።

ታዲያ ሁሉም ሆስፒታል አይሰበስብም። ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ34ኛው ሳምንት በፊት ተመዝገቡ የሚሉ አሉ። ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ቤተሰብ በሽታና ስለኖራችሁባቸው አገሮች ይጠይቋችኋል። ስለ ወሲብ ሕይወትም ጭምር። ስለዚህ የሆስፒታሉ ቋንቋ ከከበዳችሁ ባልን ወይም አማትን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ከሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ። ከእናትየውም ደም ለምርመራ ይወሰዳል። ደሙ ካነሰ ባንኩ ላያስቀምጠው ይችላል፤ ይህ ልጁ ታሟል ማለት አይደለም።

አሰባሰቡ ቀላል ነው። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ አዋላጇ መርፌ የእትብቱ ደም ሥር ላይ ትሰካለች፤ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። እናትንም ልጅንም አያምም።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አታቅርቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እትብቱ ከ1 ደቂቃ በፊት እንዳይቆነጠጥ ይመክራል፤ በዚያች ጊዜ ወደ ልጁ የሚገባው ደም የብረት ክምችቱን ያሳድግለታል። ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ግን ይቀንሳል። ይቀንስ! የወሊድ ዕቅዳችሁ ላይ «መጀመሪያ ለልጁ፣ የተረፈው ለባንኩ» ብላችሁ አስጽፉ፤ ምጥ ከመጣ በኋላ ፎርም የሚያነብ የለም።