እርሾ ለላም ሰጥተን የሚበላሽብን የት ላይ ነው?

እርሾ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሞተና ሕያው። የሞተው ምግብ ነው፤ ደረቅ የቢራ እርሾ ከመቶ 45 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሕያው የሆነው ግን ሠራተኛ ነው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ላሟ አተላ ጠጥታ ግራ ጎኗ ተነፋ

ጎኗን በጣት ስትመቱት እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ ማመስኳትም አቁማለች። የጠላ አተላም ሆነ ከቢራ ፋብሪካ በጀሪካን የሚመጣው ፈሳሽ እርሾ ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። ጀሪካኑ ተወጥሮ፣ ክዳኑን ስትከፍቱት አረፋ ከገነፈለ እርሾው ገና እየሠራ ነው ማለት ነው። የላም ጨጓራ ደግሞ 39 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ እርሾው እዚያ ፉርሽካና ሞላሰስ ካገኘ መፍላቱን ይቀጥልና ጋዙ ይጠራቀማል። የአረቄ አተላ ይለያል፤ እሳት ላይ ፈልቶ ስለወጣ እርሾው ሞቷል። ይሄን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ስለዚህ ፈሳሹን አፍሉት፣ በደንብ አቀዝቅዙት፣ ላሟ መጀመሪያ ድርቆሽ ትብላ፣ ከዚያ በትንሹ ጀምራችሁ በቀናት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩላት። አንዴ ከተነፋች ግን ሙከራ የለም። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጋችሁ አቁሟት፤ የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ጥሩ።

የእርሾ ዱቄት ገዛሁ፣ ወተቱ አልጨመረም

ከረጢቱን አንብቡ። ሕያው የሚል ከሆነ ምናልባት ቤት ውስጥ ገድላችሁት ይሆናል። ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ቤት ነው የከረመው? በሙቅ ውሃ ነው የምትበጠብጡት? ከ60 ዲግሪ በላይ አይተርፍም። ሥራው ጨጓራ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን መጠቀም ነው፤ ያኔ ድርቆሹን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። በየቀኑ ስጡና ሦስት ሳምንት ያህል ታገሱ። ጭድ ብቻ ለምትበላ ላም ግን እባካችሁ ብሩን መጀመሪያ ለፋጉሎ አውጡት።

ፋጉሎው ሻገተ፣ መርዙን አጣብቆ ያስቀራል የሚባለውን የእርሾ ዱቄት ልጨምርበት?

አይሆንም። የእርሾ ቅርፊት አንዳንድ የሻጋታ መርዝ አጣብቆ ያስቀራል፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ግን በሚገባ አይዝም። አፍላቶክሲን ከላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆች ናቸው። ጣሉት።

ውሻው ሊጥ በላ

የውሻ ምግብ ውስጥ የሚገባው ደረቅ እርሾ የሞተ ስለሆነ አያሳስብም። ያልተጋገረ ሊጥ ግን ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያወጣል። እስኪንገዳገድ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት።