የጥራት ካሜራ በፋብሪካ መስመር ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ጨርቅ ይሸመናል፣ ዘይት ይጨመቃል፣ እህል ይፈጫል፣ ውኃ ይታሸጋል። በእነዚህ መስመሮች መጨረሻ ላይ ቆሞ ደኅናውን ከብልሹ የሚለየው፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ በአመዛኙ የሰው ዓይን ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ በፈረቃው የመጀመሪያ ሰዓትና በሰባተኛው ሰዓት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ካሜራን፣ መብራትንና ኮምፒውተርን አጣምሮ ምርትን በምስል የሚመረምረው የማሽን እይታ የብዙ ሥራ አስኪያጆችን ልብ መሳቡ አያስደንቅም። ሆኖም ተተክለው ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ ገመዳቸው ተነቅሎ ቆመው እኔ ካየኋቸው ካሜራዎች መካከል በሶፍትዌር ድክመት የከሸፉት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የከሸፉት ሶፍትዌሩ ገና ሳይከፈት በተፈጸመ ስህተት ነው።

ብልሽቱ ምን እንደ ሆነ ሳይስማሙ ካሜራ መግዛት

ሰፌድ ይዛ ስንዴ የምትለቅም ሴት እንክርዳዱን ለምን እንደ ጣለችው አትጠየቅም፤ እጇ ያውቀዋል። ካሜራ ግን የሚያውቀው በቁጥር የተነገረውን ብቻ ነው። «ክዳኑ የተዛነፈ ጠርሙስ ይጣል» የሚል ትእዛዝ ለሰው ይበቃል፤ ለካሜራ ግን የክዳኑ አንዱ ጠርዝ ከሌላው በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል «ተዛነፈ» እንደሚባል አስቀድሞ ተወስኖ መጻፍ አለበት።

ይህን ለመወሰን የሚረዳ፣ ወጪ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ደኅና፣ ብልሹና አጠራጣሪ የሆኑ አንድ መቶ ያህል ናሙናዎች ከሥራቸው ቁጥር ተጽፎባቸው ለሁለት ልምድ ያላቸው ተቆጣጣሪዎች ለየብቻ ይሰጡ፤ ከሳምንት በኋላም ቅደም ተከተላቸው ተለውጦ ለእነዚያው ሰዎች በድጋሚ ይቅረቡ። በአንድ የማሸጊያ መስመር ላይ ይህን ስናደርግ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች እርስ በርስ አለመስማማታቸው አላስገረመኝም፤ ያስገረመኝ አንደኛው ራሱ ከሳምንት በፊት ከሰጠው ፍርድ ጋር አለመስማማቱ ነበር። ሰውየው ሥራውን ችላ ብሎ አይደለም፤ የተጻፈ ወሰን ስላልነበረው ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ካሜራ ቢተከል የማንኛቸውን ፍርድ እንዲከተል ይደረጋል?

መብራቱን መናቅ

ለካሜራው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በጣሪያው መብራት መሥራት ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ ፈጽሜዋለሁ። ካሜራ የሚያየው ከዕቃው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን በመሆኑ፣ መጠየቅ ያለበት ቤቱ ብሩህ መሆኑ ሳይሆን ብርሃኑ ከየት አቅጣጫ ሲመጣ ብልሽቱ ከደኅናው እንደሚለይ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት ወይም ውኃ የደረሰበት ከፍታ በደንብ የሚለካው መብራቱ ከጠርሙሱ ጀርባ ሲሆን ነው፤ የፈሳሹ ጠርዝ ጥርት ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ያለ ጭረት ግን ከጀርባ በሚመጣ ብርሃን ፈጽሞ አይታይም፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ ከጎን ገጹን እየዳሰሰ ሲያልፍ ጭረቱ ብቻ ያበራል፣ የቀረው ይጨልማል። የማለዳ ፀሐይ አግድም ስትመጣ የእርሻው ጉብታና ትልም ሁሉ እንደሚጎላ፣ በቀትር ግን ማሳው ጠፍጣፋ መስሎ እንደሚታይ ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ ዕቃ በበኩሉ የጉልላት ቅርጽ ያለው መብራት ይፈልጋል፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚያርፍበት ነጸብራቁ ይበርዳል።

ከውጭ የሚገባው ብርሃን ሌላው ጠንቅ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት በትክክል ይሠራ የነበረ ካሜራ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ደኅና ጠርሙስ መጣል ከጀመረ፣ ሶፍትዌሩን ከመነካካት በፊት መስኮቱን ማየት ይገባል። በሐምሌ ደመና ሥር የተስተካከለ ካሜራ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ሚዛኑን ይስታል፤ መድኃኒቱም ካሜራውንና መብራቱን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን መከለል ነው። ከዚህም በላይ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ከእርሱ በቀጥታ የሚሠሩ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን ይህን አያስተውለውም፤ ፈጣን ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ግን አንዱን ጠርሙስ በድምቀቱ፣ ተከታዩን በድብዛዜው ይይዘዋል፤ ባለሙያውም ምክንያቱን ሳያውቅ ሲባዝን ይውላል። በተስተካከለ፣ በማይመላለስ የዲሲ ኃይል የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ይህን ችግር ያስቀራል።

ፒክሰሉን ሳያሰሉ ካሜራ መምረጥ

«ባለ አምስት ሜጋፒክሰል ነው»፣ ማለትም ምስሉ ከአምስት ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክሰሎች) የተሠራ ነው፣ የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመባት ከተማ ናትና ስሌቱን በጨርቅ ላይ እንሥራው። የጨርቁ ስፋት 1.6 ሜትር፣ ማለትም 1600 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በድር መበጠስ የተፈጠረው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ብልሽቱ በእርግጠኝነት እንዲታይ ቢያንስ ሦስት ፒክሰል ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ስለዚህ አንድ ፒክሰል 0.2 ሚሊ ሜትር መሸፈን አለበት ማለት ነው። 1600ን ለ0.2 ስናካፍል 8000 ፒክሰል እናገኛለን። የተለመደው ባለ አምስት ሜጋፒክሰል ካሜራ በወርዱ 2448 ፒክሰል ብቻ ስላለው የተበጠሰው ድር አንዲት ፒክሰል እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጨርቁ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ አንዲት መስመር ብቻ እያነበበ ምስሉን የሚሸምን ባለ 8192 ፒክሰል የመስመር ካሜራ ነው፤ ጨርቁን ከሚያሳልፈው ሮለር ጋር የተያያዘ፣ ዙሩን እየቆጠረ ርቀትን የሚለካ ኢንኮደርም ጨርቁ በ0.2 ሚሊ ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር «አሁን አንብብ» ይለዋል። ኢንኮደሩን ለመቆጠብ ሲባል በጊዜ ቆጠራ ብቻ እንዲያነብ ከተደረገ፣ ማሽኑ ፍጥነቱን ሲቀይር ምስሉ ይለጠጣል ወይም ይጨማደዳል።

ፍጥነቱን መርሳት

ምርቱን ተሸክሞ የሚጓዘው ቀበቶ፣ ኮንቬየሩ፣ ቆሞ የተነሣ ፎቶ ሁልጊዜ ያምራል፤ በማሳያ ቀን ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር በሚጓዝ ኮንቬየር ላይ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ሻተሩ፣ ለሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ክፍት ቢሆን ዕቃው በዚያች ቅጽበት 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ ምስሉም በዚያው ልክ ይደበዝዛል። ጊዜው ወደ አንድ አምስት ሺኛ ሲያጥር ድብዛዜው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃንም በአሥር እጅ ስለሚቀንስ ነገሩ ተመልሶ ወደ መብራቱ ይመጣል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መላውን ምስል በአንድ ቅጽበት የሚይዝ ሻተር ያለው ካሜራ ነው፤ እንደ አብዛኛው የስልክ ካሜራ ረድፍ በረድፍ የሚያነብ ከሆነ ቀጥ ያለው ጠርሙስ ዘንበል ብሎ ይወጣል።

ካሜራው የውስጡንም ያያል ብሎ ማመን

ጎጃም የበቆሎ አገር ናትና ይህኛው ስህተት ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል። የቀለም ለያ ማሽኖች የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና የሻገተውን ፍሬ በካሜራ ለይተው በታመቀ አየር ያስፈነጥራሉ፤ ሥራውን በሚገባ ይሠራሉ። ነገር ግን የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ በራሱ ቀለም የለውም፤ በላዩ ደኅና የሚመስል ፍሬ መርዙን ሊይዝ ይችላል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ የሚያበራ በቆሎ ጥርጣሬን ያመለክታል እንጂ የመርዙን መጠን አይናገርም፤ የማያበራውም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ካሜራው የገባለት ፋብሪካ የላቦራቶሪ ምርመራውን የሚያስቀርበት ምክንያት የለም። ካሜራ የገጽ መርማሪ ነው፤ ክብደትን፣ እርጥበትንና መርዝን ሌሎች መሣሪያዎች ይለኩታል።

«99 በመቶ ትክክል ነው» በሚል ቁጥር መርካት

ከ1000 ጠርሙሶች 5ቱ ብልሹ ቢሆኑና ካሜራው ሁሉንም «ደኅና» ብሎ ቢያሳልፍ 99.5 በመቶ ትክክል ይባላል፤ አንዲት ብልሹ ግን አልያዘም። በውሉ ላይ መጻፍ ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፦ ከብልሹዎቹ ስንቱ አመለጠ፣ ከደኅናዎቹስ ስንቱ ያለ ጥፋቱ ተጣለ። ሁለተኛው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሆኖም በሰዓት 12,000 ጠርሙስ በሚሞላ መስመር ላይ ከደኅናው አንድ በመቶው ቢጣል በሰዓት ወደ 120 ጠርሙስ ይሆናል። የፈረቃው ኃላፊ ይህን ክምር ሲያይ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ካሜራውን ያጠፋዋል። አልፈርድበትም፤ እርሱ የሚጠየቀው በወጣው ምርት ብዛት ነውና።

በምሳሌ የሚማር ሶፍትዌር ሲሆን ደግሞ ይህ ቁጥር ሌላ መታለያ አለው። ከአንድ ጥቅልል ጨርቅ የተነሡ ምስሎች ከፊሎቹ ለማስተማሪያ፣ ከፊሎቹ ለመፈተኛ ከዋሉ ፈተናው መልሱን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ፈተና ነው። መፈተኛው ከሌላ ቀን፣ ከሌላ ፈረቃና ከሌላ የጥሬ ዕቃ ዙር መወሰድ አለበት። የጎተራ ከራሚ እህልን ብቻ ያየ ሶፍትዌር በታኅሣሥ የሚገባውን አዲስ እህል እንግዳ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከካሜራው በኋላ ያለውን መንገድ አለመፈተሽ

ካሜራው ብልሹውን በትክክል ለይቶ፣ የተጣለው ግን ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ካሜራው ብልሹውን በአየር ግፊት ከመስመሩ ከሚያስወጣው ማስወገጃ አንድ ሜትር ቢርቅና የመስመሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ «ከሁለት ሰከንድ በኋላ ግፋ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ ትእዛዙ የሚሠራው የኮንቬየሩ ፍጥነት እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንቬየሩ በዝግታ ይነሣል፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብልሹው ያልፋል፣ ደኅናው ይጣላል። መቆጠር ያለበት ጊዜው ሳይሆን በኢንኮደር የተለካው ርቀት ነው፤ ከማስወገጃው ቀጥሎም ዕቃው በእርግጥ መውጣቱን የሚያረጋግጥ ሴንሰር ያስፈልጋል፤ የአየሩ ግፊት ቢወርድ ማስወገጃው እንደ ደንቡ ድምፅ እያሰማ ምንም ሳይገፋ ሊውል ይችላልና። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም ሳይዘነጋ፣ ካሜራው ሲጠፋ መስመሩ ራሱ እንዲቆም ሆኖ መታሰር አለበት። ካሜራው ጠፍቶ ምርቱ የሚያልፍ ከሆነ ማንም ሳያውቅ ቀኑ ይመሻል።

በዕቃው ላይ የሚለጠፍ፣ በአማርኛ የታተመ ወረቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙዎቹ የፋብሪካ ፊደል አንባቢ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለላቲን ፊደልና ለአኃዝ ስለሆነ የግእዙን ጽሑፍ እንዲያነቡ ማስገደድ ድካም ነው፤ ቀኑን በአኃዝ ማስነበብ፣ የአማርኛውን ክፍል ደግሞ ከናሙና ምስል ጋር ማስተያየት ይቀላል።

ተከላው ካበቃ ሥራው ያበቃ መምሰል

በዱቄት ቤት ሌንስ በሰዓታት ውስጥ ይደፈናል፤ በጋቢ ጫፍ መጥረግ ደግሞ ከአቧራው ይብሳል፣ መስተዋቱን ይቧጭረዋልና። በየፈረቃው መጀመሪያ ሆን ተብሎ የተበላሹ፣ ምልክት የተደረገባቸው ጥቂት ናሙናዎች በመስመሩ ላይ ማለፍ አለባቸው፤ አንዷ ካመለጠች ሥራ አይጀመርም። ይህ ልማድ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ቢሆንም መጀመሪያ የሚተወው እርሱ ነው።

ካሜራውን እንደ ዘበኛ ብቻ መጠቀም

ብልሹውን ጥሎ ማለፍ ግማሽ ሥራ ነው። ቀድሞ በዓይናቸው ይለዩ የነበሩት ሠራተኞች ካሜራው ሲገባ ከተሰናበቱ፣ ምስሉን አይቶ ምክንያቱን የሚናገር ሰው አይገኝም። በአንድ የጨርቅ መስመር ላይ ካሜራው በየጊዜው አንዲት የዘይት ጠብታ ያገኝ ነበር፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዷን መዝግቦ ያልፋል፣ ጨርቁም ይቆረጣል። በማጣሪያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ አንዲት እናት ዝርዝሩን አይተው «ርቀቱ እኩል ነው» አሉ። ብንለካው በየ47 ሳንቲ ሜትሩ ነበር። የ47 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ሮለር ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በመስመሩ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሮለር ብቻ ነበረ፣ ዘይት የጠጣ የክር ጉድፍም ተጣብቆበት ተገኘ።