«ቀና በል» ሲሉን ለምን ቀና አንልም? የጎበጠ ጀርባ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ነው ሥራዬ። እማዬ ከደጀን ልትጠይቀኝ ስትመጣ ገና ከበር ሳትገባ «ምነው ልጄ፣ ጎበጥህሳ!» አለችኝ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቀና በል፣ ቀና በል። ቀና እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ተመልሼ እጎብጣለሁ። ለካ ቀና ማለት የፈቃድ ብቻ ሳይሆን የጡንቻም ጉዳይ ነው፤ የቱ ጋ እንደላላ ሳታውቁ ብትታገሉ ድካም ነው ትርፉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳ። ተረከዛችሁን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ቁሙ፤ መቀመጫችሁና የጀርባችሁ የላይኛው ክፍል ይንካ። ጭንቅላታችሁ ሳትታገሉ ይነካል? በወገባችሁና በግድግዳው መሃል የሚያልፈው መዳፍ ነው ወይስ ቡጢ? አንድ ሰው ደግሞ ሳታውቁት ከጎን ፎቶ ያንሳችሁ። ካወቃችሁማ ትኮፈሳላችሁ፣ ፎቶውም ይዋሻል።

ጭንቅላት ግድግዳውን አይነካም፣ ማጅራት ያቃጥላል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስልክና ዝቅ ያለ ስክሪን ነው። ጭንቅላት አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ፊት በወጣ ቁጥር የአንገት ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ጎትቶ ሊይዘው ይገደዳል። መፍትሄው፦ አገጫችሁን ወደ ታች ሳይሆን ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ድርብ አገጭ እስኪወጣ። ያስቃል፣ ደንበኛ ፊት አታድርጉት። 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ስክሪኑንም ከፍ አድርጉ። እኔ ሁለት ያልተፈታ የወረቀት እሽግ ከሥሩ አስገብቻለሁ፤ ወረቀት ሲያልቅ እሱን እፈታና ችግሩ ይመለሳል።

ትከሻ ወደ ፊት ታጥፏል

ዘና ብላችሁ ስትቆሙ መዳፋችሁ ወደ ኋላ ካየ ይኼኛው የእናንተ ነው። ባጃጅ የሚነዳ፣ ሸማ የሚሠራ፣ እንደኔ ሲጽፍ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። ደረት ይጠብቃል፣ የጀርባ የላይኛው ክፍል ይላላል። አብዛኛው ሰው ደረቱን በመሳብ ብቻ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ደስ ይላል። በር መቃን ላይ ክንዳችሁን አስደግፋችሁ አንድ እግር ወደ ፊት ራመድ፣ 30 ሰከንድ፣ ሦስቴ። ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ግን ማጠንከሩ ካልተጨመረበት ትከሻው ማታውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለማጠንከር ጂም አያስፈልግም፤ ባሕር ዳር ብስክሌት ሞልቷል፣ ያረጀ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ የምንለውን፣ ከጥገና ቤት ጠይቁ። ምሰሶ ላይ እሰሩት፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ክርናችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ሳይወጣ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እየዘለላችሁ።

አጎቴ ቢቸና ላይ ክረምቱን ጎንብሶ ጤፍ ሲያርም ይውላል፣ ጀርባው ግን እንደ መቋሚያ ቀጥ ያለ ነው። እሱ ያጎነብሳል፣ ይነሣል፣ ይሸከማል፣ ይሄዳል። እኔ አንድ ቦታ እደርቃለሁ። መጉበጥ ብቻውን አይደለም ጠላቱ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆየቱም ነው። በየ30 ደቂቃው ተነሡ፣ ውኃ መቅዳትም ቢሆን።

ወገብ ገብቷል፣ ሆድ ወጥቷል

ቡጢ የሚያልፍ ከሆነና ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ወገባችሁን ከቆረጣችሁ፣ ብዙ የተቀመጠ ሰው ላይ የዳሌ ፊት ጠጥሮ፣ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻ ላልቶ ሊሆን ይችላል። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት አጥፋችሁ መቀመጫችሁን አንሡ፣ 12 ጊዜ። ከዚያ በአንድ ጉልበት ተንበርክካችሁ መቀመጫችሁን ጭብጥ አድርጉና ዳሌያችሁን ትንሽ ወደ ፊት ግፉ። ተፈጥሮው እንዲህ የሆነና ምንም የማያመው ሰውም አለ፤ እሱ አይጨነቅ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ መደገፍ ደግሞ ስንፍና አይደለም፣ ብልሃት ነው።

አንድ ትከሻ ዝቅ ብሏል

ቦርሳና ጀሪካን እጅ ቀያይሩ። ግን ልጅ ከሆነ ጎንበስ አስብሉትና ከኋላ እዩት፤ አንዱ የጎድን ወገን ጉብ ካለ አከርካሪው ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ከጡንቻ ማጠንከር በፊት ያ ይቅደም።

እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከመነዳሪ አያድነውም።

እኔ በስድስተኛው ሳምንት ጭንቅላቴ ግድግዳውን ነካ። ትከሻዬ ገና ነው። እማዬ ለፋሲካ ትመጣለች፣ በር ላይ የምትለውን እንሰማለን።