ሜክ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ሲላችሁ

ሁለት ቀን በልቶኛል። ሜክ (ሜክፋይል ውስጥ የተጻፉ ትእዛዞችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) የሜክፋይሌ 7ኛው መስመር ላይ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» (መለያ ጎድሏል) ይልና ይቆማል። መስመሩን ባየው ባየው ምንም አልጎደለውም። ደግሜ ጻፍኩት፤ ያው ነው። ሜክን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ አሁንም ያው።

በኋላ ፋይሉን በካት ትእዛዝ፣ የማይታዩ ምልክቶችን ከሚያሳየው ከትልቁ «ኤ» አማራጭ ጋር አየሁት። ታብ ቢኖር መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቆብ መሳይ ምልክትና «አይ» ፊደል ይታይ ነበር። ያለው ባዶ ስፔስ ብቻ! ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። እኔ 4 ስፔስ ስለምወድ ኮድ በምጽፍበት ፕሮግራም፣ ቪም ላይ፣ ታብ ስጫን በስፔስ የሚተካውን ኤክስፓንድታብን ለሁሉም ፋይል ከፍቼዋለሁ። ሜክ ደግሞ የትእዛዝ መስመር በታብ ካልጀመረ አይገባውም።

ቪምአርሲ (የቪም ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ «ፋይልታይፕ ፕለጊን ኦን» የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቪም ሜክፋይልን ሲያውቅ ታቡን አይነካም። የቆየውን ስፔስ ግን አያስተካክልም፤ በእጄ አጥፍቼ ታብ ተጫንኩ። ሜክ ሠራ። የፓይተን ኮዴ በ4 ስፔሱ ቀጥሏል፣ እሷን እንኳ አልለቅም።