በኦጌም ሀብትን ፕላኔት ላይ አለማሳደር

ኦጌም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብራውዘር የሚሠራ የጠፈር ጌም ነው። ዳውንሎድ አይጠይቅም፣ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ክፋቱ እናንተ ዘግታችሁ ከወጣችሁ በኋላም መቀጠሉ ነው። መደበኛ ፍጥነት ባለው ዩኒቨርስ (ተጫዋቾች አብረው የሚገኙበት አንድ የጌሙ ዓለም) 20ኛ ደረጃ የደረሰ የሜታል ማይን (የሜታል ማውጫ) በሰዓት 4,036 ገደማ ሜታል ያወጣል፤ ስምንት ሰዓት ተኝታችሁ ስትነሡ 32,000 ያህል ተጠራቅሟል። አንድ የተሳካ ጥቃት ፕላኔቱ ላይ ካገኘው ግማሹን ይወስዳል፣ ቀጣዩ ከተረፈው ግማሹን፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሦስት ዙር ከመጡባችሁ ከ32,000ው እጃችሁ ላይ የሚቀረው 4,000 ነው። ንግዱም፣ ጦርነቱም፣ መስፋፋቱም መታቀድ ያለበት ከዚህ ተነሥቶ ነው፦ ሀብቱ የት ያድራል?

መልሱ ፍሊትሴቭ ነው፤ መርከቦቹን ከነሀብቱ ሌሊቱን በጉዞ ላይ ማሳደር። በጉዞ ላይ ያለ መርከብ አይመታም። ከአንዱ ፕላኔታችሁ ወደ ሌላው በዲፕሎይመንት (መርከቦቹ ሄደው እዚያው በሚቀሩበት ተልእኮ) ላኩ፣ ፍጥነቱን ወደ 10% ወይም 20% ዝቅ አድርጉ፣ ጉዞው ከእንቅልፋችሁ በ20 ደቂቃ ያህል እንዲረዝም አስተካክሉ። ከሦስቱ የጌሙ ሀብቶች ስትጭኑ ነዳጅም የሆነውን ዲዩቴሪየሙን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ክሪስታል፣ ቦታ ከተረፈ ሜታል፤ ዋጋቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ጌሙ የሚያሳየው የሰርቨሩን ሰዓት ነው፤ ቆጠራው በፈረንጅ ነው፣ የሰዓት ቀጠናውም ከአዲስ አበባ ላይገጥም ይችላል። ሁለቱን በጭንቅላት ሲያጣጥሙ ማምሸት ፍሊት ያስበላል። የመድረሻ ሰዓቱን ተዉትና የጉዞውን ርዝመት ብቻ አንብቡ፦ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ በቃ።

ጎረቤታችሁ ጨረቃ ካለውና እዚያ ላይ ፋላንክስ (የመርከብ ጉዞ መመልከቻ) ከሠራ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፋላንክስ በአንድ እይታ 5,000 ዲዩቴሪየም እየበላ በክልሉ ካሉ ፕላኔቶች የሚነሡና የሚደርሱ መርከቦችን ያሳያል። ክልሉ የደረጃው ስኩዌር ሲቀነስ አንድ ነው፤ 5ኛ ደረጃ በግራና በቀኝ 24 ሲስተም (የፕላኔቶች ሥርዓት) ያያል። ጨረቃን ግን አያይም። የራሳችሁ ጨረቃ እስኪኖራችሁ ድረስ የሚረዳው ብልሃት፣ መንገድ ላይ ያለ ዲፕሎይመንት ሪኮል ከተደረገ (ወደ መነሻው ከተጠራ) የመልስ ጉዞው ፋላንክስ ላይ አለመታየቱ ነው።

ዘረፋ ስትጀምሩ ኢላማችሁ ጌሙን ትቶ የጠፋ ተጫዋች ይሁን፤ ጋላክሲ ገጹ ላይ ከስሙ አጠገብ ምልክት ያያሉ። መጀመሪያ ፕሮብ (የስለላ መርከብ) ላኩ። አንዱ 1,000 ክሪስታል ብቻ ስለሆነ አትሰስቱ። ሪፖርቱ ሀብቱን አሳይቶ የመከላከያውን ክፍል ካላሳየ "መከላከያ የለውም" ማለት አይደለም፤ የፕሮቡ ቁጥር ወይም የስለላ ቴክኖሎጂያችሁ አንሷል ማለት ነው። ጨምራችሁ ድገሙ።

ሪፖርቱ 120,000 ሜታል፣ 80,000 ክሪስታል፣ 40,000 ዲዩቴሪየም አሳየ እንበል። ግማሹ በድምሩ 120,000 ነው፤ ስሞል ካርጎ (ትንሹ የጭነት መርከብ) 5,000 ስለሚይዝ 24 መርከብ ይበቃል ያሰኛል። አይበቃም። ጌሙ የሚጭነው በራሱ ተራ ነው፦ ከአቅሙ ሲሶውን ሜታል፣ ከቀረው ግማሹን ክሪስታል፣ በተረፈው ዲዩቴሪየም፣ ከዚያ ባዶ የቀረውን ግማሽ እንደገና በሜታል። በ24 መርከብ ብትሄዱ 10,000 ሜታል እዚያው ቀርቶ 10,000 ባዶ ቦታ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሁሉንም ለማንሣት የ135,000 አቅም ያስፈልጋል፤ 27 ስሞል ካርጎ ወይም 6 ላርጅ ካርጎ። ሃይፐርስፔስ ቴክኖሎጂ የመጫን አቅም በሚጨምርባቸው ዩኒቨርሶች ቁጥሩ ትንሽ ይቀንሳል። የነዳጁን ዲዩቴሪየም ከምርኮው ላይ ቀንሱት፤ ሩቅ ጋላክሲ ድረስ ሄዶ ጥቂት ሺህ ሜታል ማምጣት ኪሳራ ነው።

ከነቃ ተጫዋች ጋር ሲሆን ሕጉ ይለወጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ አንድን ፕላኔት ከ6 ጊዜ በላይ መምታት ያስቀጣል። ጦርነቱ ቢበዛ 6 ዙር ነው፤ በስድስተኛው ሁለቱም ወገን ከቆመ አጥቂው ባዶ እጁን ይመለሳል። መከላከያ ከፈራረሰ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል 70% የመጠገን ዕድል አለው፣ መርከብ ግን በራሱ አይጠገንም። ለዚህ ነው የሮኬት ላውንቸር ጫካ ያለበትን ፕላኔት ደጋግሞ መምታት የሚያከስረው። ክሩዘር የተባለው የጦር መርከብ ላይት ፋይተር በተባለው ትንሽ ተዋጊ ላይ ራፒድ ፋየሩ (ደጋግሞ የመተኮስ ቁጥሩ) 6፣ በሮኬት ላውንቸር ላይ 10 ነው፤ ማለትም አንዱን ከተኮሰ በኋላ በዚያው ዙር ደግሞ የመተኮስ ሰፊ ዕድል አለው። ጠላት ብዙ ክሩዘር ካለው ርካሹ ላይት ፋይተራችሁ ማገዶ ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን ቴክኖሎጂ ሲሙሌተር (የውጊያውን ውጤት አስቀድሞ የሚያሰላ መሣሪያ) ውስጥ አስገቡ፤ የጠላትን ቴክኖሎጂ ዜሮ ብሎ የተወ ሰው ውጤቱን አይመን።

ትልቁ ትርፍ ብዙ ጊዜ ከፍርስራሹ ነው። በመደበኛው ስሌት ከወደመ መርከብ ሜታልና ክሪስታል 30% ይበተናል፤ ዲዩቴሪየሙ የለም። ክሩዘር 20,000 ሜታልና 7,000 ክሪስታል ያስወጣል፤ 100 ሲወድም 600,000 ሜታልና 210,000 ክሪስታል ሜዳ ላይ ይቀራል። ሪሳይክለር (ፍርስራሽ የሚሰበስብ መርከብ) 20,000 ስለሚይዝ 41 ያስፈልጋችኋል። ሪሳይክለር ቀርፋፋ ነው፤ ከተዋጊዎቹ ቀድሞ ይነሣ፣ ከውጊያው በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ይድረስ። ዘግይቶ ከተላከ ጎረቤት ይጠርገዋል። ይህ 810,000 ፍርስራሽ 8% የጨረቃ ዕድልም ይሰጣል፤ ለየ100,000ው 1%፣ ጣሪያው 20%።

በንግድ በኩል ተጫዋቾች የሚስማሙበት ምጣኔ በሜታል፣ ክሪስታልና ዲዩቴሪየም ተራ ከ3፡2፡1 እስከ 2፡1.5፡1 ድረስ ነው። በ2.5፡1.5፡1 ስሌት 60,000 ዲዩቴሪየም ግማሹን በሜታል፣ ግማሹን በክሪስታል ብትሸጡ 75,000 ሜታልና 45,000 ክሪስታል ትቀበላላችሁ። ምጣኔውን በመልእክት ተጻጽፋችሁ በጽሑፍ ያዙት። ደካማው ለጠንካራው ያለ ምላሽ ሀብት ከላከ ፑሺንግ ይባላል፣ አካውንት ያሳግዳል፤ የጓደኛ ስጦታም ቢሆን ያው ነው። ክፍያው የሚደርስበትን ሰዓት ደግሞ እናንተ ወስኑ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 120,000 ከገባላችሁ ጠዋት ግማሹን ላታገኙት ትችላላችሁ።

ኮሎኒ (ተጨማሪ ፕላኔት) ለማውጣት ኮሎኒ ሺፕ (10,000 ሜታል፣ 20,000 ክሪስታል፣ 10,000 ዲዩቴሪየም) እና አስትሮፊዚክስ የተባለው ቴክኖሎጂ ያስፈልጋል። 1ኛው ደረጃ የመጀመሪያውን ኮሎኒ ይከፍታል፣ ከዚያ በየጎዶሎው ደረጃ፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ፣ አንድ አንድ ይጨምራል። 2 ላይ ማቆም ከ1 ጋር ያው ነውና ገንዘቡን ለሁለት ደረጃ አጠራቅሙ። ሰፊ ፕላኔት የሚገኘው በሲስተሙ መሐል፣ 8ኛው ቦታ አካባቢ ነው። 13ኛው እስከ 15ኛው ቀዝቃዛ ናቸው፤ ለዲዩቴሪየም ጥሩ፣ ለሶላር ሳተላይት መጥፎ። 3ኛውና 13ኛው ቦታ አስትሮፊዚክስ 4፣ 2ኛውና 14ኛው 6፣ 1ኛውና 15ኛው 8 ይጠይቃሉ። መርከቧ ከደረሰች በኋላ የሜዳውን (የሕንፃ ቦታውን) ቁጥር እዩ። ጠባብ ከሆነ ማይን ሳትጀምሩበት ልቀቁትና ሌላ መርከብ ላኩ፤ 12ኛ ደረጃ ላይ ደርሳችሁ ቦታ ቢያልቅባችሁ የምታጡት የአንድ ኮሎኒ ሺፕ ዋጋ ብቻ አይሆንም። አዲሱ ኮሎኒም ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ የፍሊትሴቭ መዳረሻ ነው፤ ከዋናው ፕላኔት በጣም አጠገብ ካደረጋችሁት ግን ጉዞው ያጥርና በ10% ፍጥነትም ሌሊቱን አይሸፍንም።